መስቀል ያለበት ወደ ላይ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፕሮፌሶሬው ቤት ይዤ የገባሁት አንድ ሻንጣ፣ አንድ የቤት ውስጥ ጫማና ከጓደኛዬ ከስንዱ የተቀበልኩት ምክር ነበር። ጫማውና ሻንጣው ብዙ አገለገሉኝ። ምክሩ እስከ ማታ እንኳ አልቆየም።

ስንዱ ከእኔ በፊት ሮም የገባች፣ በሽማግሌ ጠባቂነት ሦስት ሲኞራዎችን በክብር የሸኘች ሴት ናት። ጣሊያኖች የእኛን ሥራ ባዳንቴ ይሉታል። «ዘኑ፣ ሦስት ነገር እንዳትነኪ» አለችኝ ደጃፉ ላይ። «ሳይነግሩሽ መድኃኒታቸውን፣ ፎቶግራፋቸውን፣ የሚቀመጡበትን ወንበር። ሌላውን ሁሉ አጽጂ።» መጽሐፍ አላለችም። ይህ እስካሁን ድረስ ብቸኛው መከላከያዬ ነው።

ሥራውን ገና ለማያውቁ ወጣቶች መጀመሪያ ማዕረጋችንን ላስረዳ። ከታች የሕንፃ ደረጃ የምናጸዳው አለን። ከዚያ በላይ በሰዓት እየተከፈላቸው ቤት የሚያጸዱ አሉ። ከዚያ በላይ እዚያው እያደሩ ሽማግሌ የሚጠብቁት ፊሳዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮርስ ተምረው፣ ተፈትነው፣ ነጭ ልብስ ለብሰው ሆስፒታል የሚሠሩት ኦስ የሚባሉት አሉ። እኔ ያን ቀን ከደረጃ ጠራጊነት በአንድ ጊዜ ፊሳ ሆኜ ስገባ ሚኒስትር የተሾምኩ መስሎኝ ነበር።

ቤቱ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ሁለት ቀጫጭን ሰዎች፣ ወይም እኔን ብቻ ይይዛል። ፕሮፌሶሬው ሰማንያን ያለፉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ መስኮቱን ከበሩ ይለያሉ፣ ከዚያ ያለፈ አያዩም። ልጃቸው ሲኞራ ፓኦላ ሚላኖ ነው የምትኖረው። የቀናቱ ስም የተጻፈበትን የክኒን ሳጥን አሳየችኝ፣ ሾርባው ጨው እንዳይበዛው ነገረችኝ፣ ስልክ ቁጥሯን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችና ባቡሯን ልትይዝ ሄደች።

ፕሮፌሶሬው ምሳ በልተው ጋደም አሉ። እኔም ቤቱን ዞሬ ማየት ጀመርኩ። መጽሐፍ ሳሎኑን ሞልቶ፣ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ጣሪያ ድረስ ተደርድሮ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ድረስ ደርሷል። እዚያ በሩ ጋ፣ ታች ወለሉ ላይ፣ ከመወልወያው ባልዲ አጠገብ፣ ወርቃማ መስቀል የታተመበት ትልቅ መጽሐፍ ተቀምጧል።

ደነገጥኩ። እኔ ባደግኩበት ቤት ቅዱስ መጽሐፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል፤ ሲወርድም ተስሞ ነው። እግር ሥር አይጣልም። ከባልዲ ጋር ጎረቤት ማድረግማ የማይታሰብ ነው። «እኚህ ሰውዬ ዓይናቸው የታመመው ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹ አላወቁም እንጂ እኔ ገባኝ» አልኩ በልቤ። ገና ግማሽ ቀን እንኳ ሳልሠራ ከሐኪሞቹ በልጬ ነበር።

መሰላል አመጣሁ። ሕጌ አንድ ብቻ ነው፦ መስቀል ያለበት ወደ ላይ፣ የሌለበት ወደ ታች። የቅዱሳን ሥዕል፣ መልአክ፣ ወይም ረጅም ጢም ያለው ሰው ከሆነም ወደ ላይ። ከመሳቢያ ነጫጭ የጠረጴዛ ጨርቆች አውጥቼ ከላይ አለበስኳቸው። ፕሮፌሶሬው ሲነቁ ሳሎኑን ጨርሼ ኮሪደሩ ግማሽ ላይ ደርሻለሁ። ላቤ ይንጠፈጠፋል፤ ደስ ብሎኛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው።

ፕሮፌሶሬው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ሳሎን ገቡ። ቀጥ ብለው ወደ አንዱ መደርደሪያ ሄዱ፣ በደረታቸው ትክክል እጃቸውን ዘረጉ፣ ሳያመነቱ አንድ መጽሐፍ መዘዙ። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከፈቱት፣ አሸተቱት።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

ጠጋ ብዬ አየሁት። «የስልክ ማውጫ ነው፣ ሲኞሬ።»

ሌላ መዘዙ። ዳሰሱ። መልሰው አስገቡት። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው ርእስ ማንበብ ከተዉ ቆይተዋል። መጽሐፎቻቸውን የሚያገኙት በቦታቸው ነበር፤ ቤቱ በሙሉ እጃቸው ላይ ተጽፏል። እኔ ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ አጥፍቼዋለሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት ለእኔ ነው።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሻንጣዬን ገና አልፈታሁትም፤ ቢያባርሩኝ ቢያንስ ለመሄድ አልቸገርም።

«መጻሕፍቱን ነክተሻል?»

«አዎ፣ ሲኞሬ።»

«ምን ያህሉን?»

«የኮሪደሩ ግማሽ ይቀረኛል።»

«በምን ሥርዓት ነው ያስቀመጥሻቸው?»

«መስቀል ያለበት ወደ ላይ ነው። የሌለበት ወደ ታች።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሱ መስሎኝ ተንበረከክሁ። እየሳቁ ነበር። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ትን አላቸው። ሳል የያዘው ሽማግሌ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ትንሽ ወደ ፊት እንዲያዘነብል ይደረጋል። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም፤ እንደ ሕፃን ጀርባቸውን መታሁ። በሕይወት መትረፋቸው የራሳቸው ብርታት ነው።

«አሎራ፣ እንግዲህ መሰላሉ ላይ ውጪና ላይኛው ላይ ምን እንዳለ አንብቢልኝ» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

ወጣሁ። ጣሊያንኛዬ ያን ጊዜ የአውቶቡስ ሰሌዳና የሳሙና ዋጋ ለማንበብ የሚበቃ ነው። ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ። ከሁሉ በላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠው አንደኛው መጽሐፍ የአንድ ገዳም የወይን ጠጅ ካታሎግ ሆኖ ተገኘ፤ ጠርሙሱ ላይ መስቀል አለ። ሁለተኛው መነኩሴ ሌባ የሚያሳድድበት ልብ ወለድ። ሦስተኛው ያ ከባልዲው ጎን ያነሣሁት ባለወርቅ መስቀሉ ነው።

«እሱ» አሉ ፕሮፌሶሬው፣ «ክርስቶስ እውነተኛ ሥጋ አልለበሰም የሚሉ ሰዎች የጻፉት ወንጌል ነው። ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለችውም። እኔም ከባልዲው ጋር አስቀምጬው ነበር። ከታችስ ምን አለ?»

ታች፣ በስልክ ማውጫውና በልብስ ማጠቢያ ማሽኑ መመሪያ መካከል፣ ሽፋኑ ግራጫ የሆነ ምንም ያልተሣለበት ትንሽ መጽሐፍ አለ። ፊደሉን ማንበብ አቃተኝ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰጠኋቸው፣ ሲነኩት ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ አዲስ ኪዳን ነው። በግሪክኛና በጣሊያንኛ» አሉ። «የጥንት ክርስቲያኖች ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የተከራከሩበትን ነገር አንቺ ቡናዬ ሳይደርስ ጨረስሽው። ውጤቱ ብቻ ትንሽ ይለያል።» ከዚያ ስሜን ጠየቁኝ። ዘነበች አልኳቸው። «ዜኖቢያ እልሻለሁ፤ ንግሥት ነበረች» አሉ። ኮራሁ። በኋላ ሮማውያን ማርከው ሮም ድረስ እንዳመጧት ሲነግሩኝ ግን ሾርባዬን ማማሰሌን ቀጠልኩ።

አላባረሩኝም። ቅጣቴ ሌላ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ የሚፈልገው የአንቺ ዓይን ነው» አሉ። «ታመጫለሽ፣ ቁጭ ብለሽም ታነቢያለሽ። ጮክ ብለሽ።»

እንዲህ ነው ንባብ የሥራዬ አካል የሆነው። ጧት ክኒን፣ የደም ግፊት መለካት፣ ገላ መታጠብ፣ ልብስ። ከዚያ ገበያ ወርጄ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ንባብ። ሌሎቹ ባዳንቴዎች ሽማግሌያቸው ቴሌቪዥን ፊት ሲያንቀላፋ እግራቸውን ያሳርፋሉ። እኔ ቃላት እየሰበርኩ፣ እሳቸው እየጠገኑ፣ ምሽት ይሆናል።

በመካከሉ ያስተምሩኛል። ማስተማር የማይተው በሽታ ነው። አንድ ቀን፣ «የአዲስ ኪዳንን መጻሕፍት ማን የመረጣቸው ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ጳጳሳት ተሰብስበው፣ እጅ አውጥተው» አልኩ። ዕድር የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ይላል?

«ኖ። እንደዚያ የሆነ አንድ ቀን የለም። ጉባኤዎቹ በኋላ መጡ፤ የመጡትም አብዛኛውን የሆነውን ሊያጸኑ ነው። ከዚያ በፊት ሰዉ የሚጠይቀው ነበር። አንደኛ፣ ማን ጻፈው? ከሐዋርያት፣ ወይም ከእነሱ ጋር ከነበረ ሰው የመጣ ነው? ሁለተኛ፣ የሚለው ነገር ከተቀበልነው እምነት ጋር ይስማማል? ሦስተኛ፣ በየከተማው ምእመናን ሲሰበሰቡ ጮክ ተብሎ ይነበባል?»

«ስለ ሽፋንስ?»

«ስለ ሽፋን የተባለ ነገር የለም፣ ዜኖቢያ።»

የሚወዱት ሦስተኛውን ነበር። እዚሁ ሮም ውስጥ አንድ ሰው ያየውን ራእይ ጽፎ ነበር አሉኝ፤ ሰዉ ሁሉ ይወደው፣ ይጽናናበት ነበር። ግን ዘግይቶ የተጻፈ ነው ተባለና ቀረ። አንድ የጥንት ሰው ስለዚያ መጽሐፍ የሰጠውን ፍርድ እየሳቁ ነገሩኝ፤ ነገሩ፣ ይነበብ፣ በጉባኤ ግን ከሐዋርያት ጋር አይሁን ማለት ነው። «የዋህ ፍርድ ነው» አሉ። «አላቃጠሉትም። ቦታውን ብቻ ነገሩት።» በሌላ በኩል ሮማውያን ከመልእክቶቹ አንዱን ለረጅም ጊዜ ሲጠራጠሩት፣ ምሥራቆቹ ደግሞ የመጨረሻውን ራእይ ሲጠራጠሩ ኖረዋል። አንዱ የሌላውን መቀበል ብዙ ጊዜ ፈጀ። አንድ መደርደሪያ በአንድ ከሰዓት በኋላ አይደራጅም ማለታቸው ነው፤ ገብቶኛል።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና አንድ ቀን፣ «የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ስንት መጽሐፍ ነው የምትቀበለው?» አሉኝ።

«ሰማንያ አንድ!» አልኩ። ግማሹን ራሴ የጻፍኩት ያህል ነው ድምፄ የወጣው።

«ብራቫ። ቁጠሪልኝ።»

ጣቴን ዘረጋሁ። ኦሪቱን በሰላም ተሻገርኩ። ነገሥታቱ ጋ መንገዳገድ ጀመርኩ። ነቢያቱ መካከል የቆጠርኩትን ደግሜ ስቆጥር ያዙኝ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ቆምኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እፍረቴ የባሰው ጋብቻዬም በሰማንያ የተፈጸመ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ነው። ያን ጊዜ ባሌም መጻሕፍቱም የት እንዳሉ የማላውቅ ሴት ነበርኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእኛ የዕረፍት ጊዜ ነው። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አግዳሚ ላይ እንገናኛለን። ያን ሐሙስ ጥያቄውን ይዤ ሄድኩ።

«ሰማንያ አንድ ነው» አለች ስንዱ። «አንዴ ሰማንያ አንድ ከተባለ መቁጠር ለምን አስፈለገ?»

«ፕሮፌሶሬው ጠየቁኝ።»

«እሳቸው የሚጠይቁሽ ሥራ ስላጣሽ ነው። መስኮት አጽጂ።»

ከአጠገቧ የነበረችው ሴት፣ በቪያ ኩርታቶኔ ስደተኞች በሰፈሩበት ሕንፃ ትኖር የነበረችው፣ ልትቆጥር ሞከረችና ከስንዱ ጋር ተጣላች። እስክንለያይ ድረስ አልታረቁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«ሰማንያ አንድ ናቸው፣ ልጄ» አሉ።

«የትኞቹ ናቸው፣ አባቴ?»

ትንሽ ጢማቸውን አሹ። «ሊቃውንቱ በሁለት መንገድ ይቆጥሯቸዋል። አንደኛው አቆጣጠር የሚያስገባውን ሌላው አያስገባም፤ አንደኛው አንድ ያደረገውን ሌላው ከፍሎ ይቆጥራል። ድምሩ ግን ሰማንያ አንድ ነው።»

«ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው?»

«ለመሆኑ ንስሐ ከገባሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አሉኝ። መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

ይህን ለፕሮፌሶሬው ስነግራቸው አፍሬ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን አጨበጨቡ። «ቤሊሲሞ! ቁጥሩን ጠብቃችሁ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዋችሁት!» ከዚያ አንድ ነገር ነገሩኝ። ዛሬ የምናውቃቸውን ሃያ ሰባቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት በትንሣኤ መልእክቱ የዘረዘረው የእስክንድርያ ጳጳስ፣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጳጳስ ቀብቶ የላከው ያው ሰው ነው። «ጳጳሱን ተቀበላችሁ» አሉ። «ሄኖክን ግን እሱ በዝርዝሩ አላስገባውም፤ እናንተ አልጣላችሁትም። ለምን ይመስልሻል?»

«ለምንድን ነው?»

«ስለምታነቡት ነዋ!»

ሄኖክን በሕይወቴ አንብቤው አላውቅም። «አዎ፣ እናነበዋለን» አልኩ። አገሬን ወክዬ ነው የዋሸሁት።

ከዓመታት በኋላ ስንዱ ወጥራ ያዘችኝ። «ሽማግሌ ዘላለም አይኖርም። ወረቀት ያዢ፣ ኦስ ሁኚ። በሰባ ዓመትሽ ደረጃ ልትጠርጊ ነው?» አለችኝ። ኮርሱን ጀመርኩ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ራስን መምቻ የሚሆን፣ ማኑዋሌ የሚሉት መማሪያ መጽሐፍ ሰጡኝ። መስቀል የለበትም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳነበው እንቅልፍ ይወስደኛል። ስለዚህ በከሰዓቱ ንባብ ሰዓት ለፕሮፌሶሬው ጮክ ብዬ አነብላቸው ጀመር።

ወደዱት። «ይህ ሰው ጥሩ ይጽፋል» ይላሉ። «አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሥራ። እኔ እንዲህ መጻፍ ሳልችል ጡረታ ወጣሁ።» በሽተኛ ስለማጠብ የሚለውን ምዕራፍ ካነበብን በማግስቱ ሳጥባቸው፣ «አራተኛዋን ሥራ ዘለልሻት» ይሉኛል። ፈታኜም፣ በሽተኛዬም እሳቸው ናቸው።

የማይገባኝ የአልጋ ቁስል ምዕራፍ ነበር። ጋደም ያለ ሰው በየጊዜው ይገላበጣል፤ መቀመጫው፣ ጎኑ፣ ክርኑ ይታያል። ተረከዙ ደግሞ አልጋውን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ ይደረጋል፤ ቶሎ ከሚቆስሉት አንዱ እሱ ነውና። ያን የመጨረሻውን ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። መጽሐፉን ዘግቼ በቃሌ ስላቸው፣ ጨርሻለሁ ብዬ ስኮራ፣ ፕሮፌሶሬው ጣታቸውን ያነሣሉ።

«ተረከዙስ፣ ዜኖቢያ?»

አንድ ቀን ውለታ ልመልስ ብዬ ስማቸውን ያስጠራውን የራሳቸውን ትልቅ መጽሐፍ አወረድኩ። እነዚያ መጻሕፍት እንዴት እንደተመረጡ የሚተነትን ነው። ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እሳቸው ተኙ። አራተኛው ላይ እኔ። የነቃነው ሾርባው አርሮ ጭሱ ሳሎን ሲገባ ነው። «ይህ መጽሐፍ በጉባኤ ሲነበብ የመጀመሪያው ነው» አሉ እያሳሉ። «ጉባኤውም ተኛ።»

ከዚያ እግራቸው ከዳቸው። ከአልጋ ወደ ወንበር ለማዛወር እኔ ብቻዬን አልበቃም፤ ተሽከርካሪ ወንበሩ አሳንሰሩ ውስጥ አይገባም። ሲኞራ ፓኦላ መጣችና ወጥ ቤት አስቀምጣኝ ነገረችኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጥሩ የአረጋውያን ቤት አግኝታለች። ቤቱ ይሸጣል። መጻሕፍቱ ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ። አባቷ እዚያ በሚያገኙት ክፍል ውስጥ ከአልጋው በላይ አንድ መደርደሪያ ብቻ አለ፤ እሱ የያዘውን ይይዛሉ።

ፕሮፌሶሬው ስለ ቤቱ አልተከራከሩም። «ምግቤን መረጣችሁልኝ፣ አልጋዬን መረጣችሁልኝ» አሉ። «ያንን መደርደሪያ የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ዓርብ የሚወስዳቸው መኪና ይመጣል። ከሰኞ ጀምረን ተያያዝነው። እኔ አወርዳለሁ፣ ርእሱን አነባለሁ፣ እሳቸው ይዳስሱታል። «ይህ ይግባ» ይላሉ። ቀጣዩንም፣ «ይህ ይግባ።» የሚገባው ክምር ከእኔ ቁመት በለጠ፤ የሚቀረው ሳጥን ባዶ ነው። ማክሰኞ ራት አልበሉም። ረቡዕ ምሳም ተዉ። ለሲኞራ ፓኦላ ደወልኩ። ስልኩ ላይ አለቀሰች። «ዘነበች፣ መደርደሪያውን ማስረዘም አልችልም» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ሥራዬም አልጋዬም አብረው ሊሄዱ ነው፤ ፈርቼ ነበር። ከዚያ በላይ ግን አንድ ነገር እያየሁ አላስተኛኝ አለ። እዚያ በማያውቁት ክፍል ውስጥ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሲዘረጉና የስልክ ማውጫ ሲያገኙ ታየኝ። ያንን ፊት አንዴ አይቼዋለሁ፤ ዳግመኛ ማየት አልፈልግም ነበር።

ሐሙስ ወደ ፒያሳ አልሄድኩም። ክምሩ መካከል ቁጭ ብለናል። ሾርባው በርዷል።

«ዜኖቢያ» አሉ በመጨረሻ፣ «ማን ጻፈው ብዬ ብጠይቅ፣ ሁሉንም ታላላቅ ሰዎች ናቸው የጻፉት። እምነቴ ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ሁሉንም አምኜባቸው ኖሬያለሁ። የቀረን ሦስተኛው ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ የተነበበው ምንድን ነው?»

«ፕሮፌሶሬ፣ እሱን ባንቆጥረው ይሻላል።»

«ተናገሪ።»

«ግራጫው አዲስ ኪዳን።»

«ይግባ።»

«መነኩሴው ሌባ የሚያሳድድበት። ሁለቴ አንብበነዋል።»

«ሁለተኛውን ጊዜ ሌባውን እያወቅን ነው ያነበብነው። ይግባ።»

«የወይን ጠጁ ካታሎግ» አልኩ በቀስታ። ሐኪም ወይን ከከለከላቸው ወዲህ እሑድ እሑድ አንድ ገጽ አነብላቸዋለሁ።

«በእርግጥ ይግባ!» ሾርባውን በእጃቸው ሲፈልጉ አየሁ። አሙቄ አመጣሁ። ማንኪያውን ተቀበሉኝ።

እንዲህ እያልን ሄድን። መደርደሪያው ላይ የሚሰፍሩት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተደረደሩ፤ ሳጥኖቹ ሞሉ። ከዚያ የራሳቸው ትልቅ መጽሐፍ እጄ ላይ ደረሰ። ምን እንደምል አላወቅሁም። በእጃቸው መዘኑት፣ ጀርባውን ዳሰሱት።

«ይነበብ» አሉ፣ «በጉባኤ ግን አይሁን።» ሳጥኑ ውስጥ ራሳቸው አስገቡት። እኔ ዓይኔን ጠረግኩ፤ እሳቸው ሾርባቸውን ጨረሱ።

«አንድ ቦታ ይቀራል» አልኩ።

«ሰማያዊው።»

«የትኛው ሰማያዊ?»

«የተረከዙ።»

«ፕሮፌሶሬ፣ እሱ የእኔ ማኑዋሌ ነው! ፈተና አለብኝ።»

«አውቃለሁ። ከሁሉ የበለጠ የተነበበውም እሱ ነው። ያለ እሱ ፈተናውን ታልፊያለሽ?»

«አላልፍም።»

«አሎራ፣ ልታነቢው ትመጫለሽ» አሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱት።

ዓርብ መጽሐፎቹን እዚያ ክፍል ውስጥ ከአልጋቸው በላይ ደረደርኳቸው። በዚህ ጊዜ ሽፋናቸውን አላየሁም። እጃቸውን ይዤ አንድ በአንድ አስነካኋቸው፣ ቦታውን እስኪይዙት ድረስ። ማኑዋሌው ዳር ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንዱ ቤት ሶፋ ላይ እያደርኩ በሰዓት ቤት አጸዳሁ። ከፊሳነት ወደ ታች ወረድኩ ማለት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን ሁለት አውቶቡስ ይዤ እሄዳለሁ። ስንዱ፣ «ማንም ሳይከፍልሽ በዕረፍት ቀንሽ?» ትለኛለች። «ለፈተና ላጠና ነው» እላታለሁ። ፈተናውን መጀመሪያ ወደቅሁ። ፈታኟ በሽተኛ ክፍል ስትገቢ መጀመሪያ የምታደርጊው ምንድን ነው ስትለኝ፣ «መደርደሪያውን ከመንካቴ በፊት እጠይቃለሁ» አልኳት። እጅ መታጠብ ነበር መልሱ። በሁለተኛው አለፍኩ። ካለፍኩ በኋላም ማኑዋሌው እዚያው መደርደሪያው ላይ ቀረ፤ እኔም መሄዴን አልተውኩም።

በመጨረሻዎቹ ወራት ፕሮፌሶሬው ብዙ ነገር ጠፋባቸው። ልጃቸውን አንዳንዴ በእናታቸው ስም ይጠሯታል። እኔን ዘነበችም ዜኖቢያም አይሉኝም፤ ሲኞራ ይሉኛል፣ በትሕትና። ግራጫውን አነበብኩላቸው፤ አላወቁትም። መነኩሴውን አነበብኩላቸው፤ ሌባውን ረስተዋል። ማኑዋሌውን አወረድኩ። የአልጋ ቁስሉን ምዕራፍ በድካም፣ አውቶቡሱን እያሰብኩ አነበብኩ። ጎኑን አልኩ፣ ክርኑን አልኩ፣ መጨረሻውን አንቀጽ ዘልዬ ዘጋሁት።

ከትራሱ ላይ ጣት ተነሣ።

«ተረከዙስ?»

ብርድ ልብሱን ከእግራቸው በኩል ገለጥኩ። ግራ ተረከዛቸው ቀልቷል፤ ገና አልቆሰለም። ትራስ አጥፌ ከባታቸው ሥር አደረግሁ፣ ነርሷን ጠርቼ አሳየኋት፣ ከዚያ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ተመልሼ ገብቼ የዘለልኩትን አንቀጽ አነበብኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በነጭ ልብስ ብዙ ክፍል ገብቻለሁ። ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይህን ነው። የሽማግሌ መደርደሪያ ሳትጠይቁ አትንኩ። ከነካችሁ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ መጨረሻውን አንቀጽ አትዝለሉ።